ከአቶ ዘርአጽዮን ትከሻ ላይ ስለወደቅሁበት ሁኔታ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ት የሻሽወርቅ ድንበሩ
ዕድሜ፦ 22
ሥራ፦ በንጋት ጮራ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የስፌት መኪና ሠራተኛ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ አጠገብ፣ የቤት ቁጥር 318
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ነሐሴ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቦታ፦ ቦሌ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ብርሃኑ ካብትይመር
ተጠርጣሪ፦ አቶ ዘርአጽዮን ገብረኪዳን
ጉዳዩ፦ እሑድ ነሐሴ 13 ቀን 1976 ዓ.ም. በበዓል ትርዒት ልምምድ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ስለ ጉዳዩ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ቀኝ ክንዴ ተሰብሮ በጀሶ ስለታሰረ መጻፍ አልችልም፤ ስለዚህ የምናገረውን ሃምሳ አለቃው ይጽፋሉ። ተጠርጣሪውን አቶ ዘርአጽዮን ገብረኪዳንን የማውቀው በአንድ ፋብሪካ ስለምንሠራ ነው። እኔ ስፌት ላይ ነኝ፣ እሱ ካውያ ቤት ነው። በመካከላችን ዝምድናም ጠብም የለም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ።

ፋብሪካችን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ትርዒት እንዲያዘጋጅ በሰኔ ወር ታዘዘ። ከሠራተኛው መካከል ሦስት ሰዎች በመኪና ላይ ለሚታየው ትርዒት ተመረጥን። ትርዒቱ እንዲህ ነው። በክፍት የጭነት መኪና ላይ አቶ ዘርአጽዮንና የመጋዘን ሠራተኛው ሙክታር ከድር ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኔ ቀኝ እግሬን በአቶ ዘርአጽዮን፣ ግራ እግሬን በሙክታር ትከሻ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ እቆምና ከኮምፔርሳቶ ጣውላ የተሠራ ትልቅ ቀይ ኮከብ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። እነሱ እንዳልወድቅ ቁርጭምጭሚቴን ይይዛሉ። እኔ የተመረጥኩት ቀላል በመሆኔ ነው እንጂ ልምድ ኖሮኝ አይደለም። መጀመሪያ ላይ በጣም እፈራ ነበር።

ያሠለጠኑን መምህር ካሳዬ ንጉሤ የተባሉ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መኪናው ላይ አላወጡንም። ሣር ላይ በአንድ እግራችን አቆሙንና «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉን። ሦስታችንም ወዲያው ተንገዳገድን፤ ሙክታር እንዲያውም ወድቆ ሳቀ። ያኔ መምህር ካሳዬ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእግሩ ጉልበት ብቻ እንዳይመስለን ነገሩን። ዓይን የቆመውንና ያዘመመውን ያያል። የእግር መዳፍና መገጣጠሚያ ክብደት ወዴት እንዳጋደለ ይሰማሉ። በጆሮ ውስጥ ደግሞ በጥልቀት ውሃ የቋጠሩ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ፤ ራስ ሲዞርና ሲያዘነብል ውሃው ተንቀሳቅሶ ለአንጎል ወሬ ያደርሳል። አንጎል የሦስቱን ወሬ አስማምቶ ሰውየውን ያቆመዋል። አንዱ ሲዋሽ ሌሎቹ ያርሙታል፣ ሌሎቹም ከጠፉ ግን ሰው መቆም አይችልም ብለው አስረዱን። ቀጥለውም «በልምምድ ዋዜማ መጠጥ የሚባል ነገር እንዳትቀምሱ። መጠጥ መጀመሪያ የሚያሳስተው ጆሮን ነው» ብለው በጥብቅ አስጠነቀቁን። ይህን ሲናገሩ የፋብሪካው የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ አያሌው ሽበሺ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስለተለማመድን ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የሁለቱን ሰዎች ትከሻ በእግሬ መዳፍ ለይቼ አወቅሁት። የሙክታር ትከሻ እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ነው። የአቶ ዘርአጽዮን ትከሻ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ማዘንበሌን እኔ ራሴ ሳላውቅ እሱ ቀድሞ አውቆ ያስተካክለኝ ነበር። «የሻሽ፣ አንቺ ወደ ፊት እይ፤ የታችኛውን ለእኔ ተዪው» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምዳችንን ከጨረስን በኋላ ጓድ አያሌው ሁላችንንም በሠራተኞች ክበብ ግብዣ ጠሩን። በማግሥቱ እሑድ ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው ትርዒቱን ስለሚያዩ ሠራተኛው እንዲበረታታ ነው አሉ። መምህር ካሳዬ ግብዣው ላይ አልነበሩም፤ ልምምዱ እንዳለቀ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የበግ ጥብስና ኮኛክ ቀረበ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለነበረ አቶ ዘርአጽዮን ሥጋውን አልነካም። ደረቅ ዳቦ እየቆረሰ ይበላ ነበር። እኔም እጾም ስለነበር ሥጋ አልበላሁም፤ ነገር ግን ከሴቶቹ ጋር ከወደ ጥግ ስለተቀመጥኩ ማንም ልብ አላለኝም።

ጓድ አያሌው ጠርሙሱን ይዘው ወደ ወንዶቹ መጡ። ሙክታር በሃይማኖቱ ምክንያት እንደማይጠጣ ሲናገር ስቀው ለስላሳ እንዲመጣለት አዘዙ። አቶ ዘርአጽዮን ግን «ጓድ ሰብሳቢ፣ ነገ ልምምድ አለብን፤ አሠልጣኙ ከልክለውናል» ሲላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ «ሥጋችንን አትበላም። መጠጣችንን አትጠጣም። እንግዲህ ከእኛ ጋር የምትካፈለው ምንድን ነው?» አሉት። አቶ ዘርአጽዮን የትውልድ አገሩ አዲግራት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ብርጭቆውን ተቀበለ። ጓድ አያሌው በገዛ እጃቸው ቀዱለት። መጀመሪያ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተባለ፤ ጠጣ። ቀጥሎ ለሠራተኛው መደብ ተባለ፤ ጠጣ። ከዚያም ለእናት አገር ለተሰዉት ተባለና ሁላችንም ተነሥተን ቆምን፤ ይህን እምቢ ማለት የሚችል ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተቀዳለት አላውቅም፤ ጓድ አያሌው አጠገቡ ተቀምጠው ብርጭቆው ሲጎድል ይሞሉለት ነበር። አቶ ዘርአጽዮን ከዚያ በፊት ሲጠጣ አይቼው አላውቅም።

ሲመሽ ከግቢው አብረን ወጣን። የሦስታችንም መንገድ እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አንድ ነው። አቶ ዘርአጽዮን ቀጥ ብሎ መሄድ አቃተው። እግሩን በጣም እያራራቀ፣ ረግረግ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይራመድ ነበር። «የሻሽ፣ አስፋልቱን ወደዚያ የሚጎትተው ማነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሙክታርና እኔ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ሙክታር ክንዱን ይዞ እስከ ቤቱ አደረሰው። እኔ ወደ ሾላ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ልምምዱ ወደሚደረግበት ከቦሌ መድኃኔዓለም ወዲያ ወዳለው ሜዳ ስደርስ አቶ ዘርአጽዮን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ፊቱን ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። የመጠጥ ሽታ አልነበረበትም። ደህና አደርክ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ደህና ነኝ። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ብቻ መሬቱ ይዞርብኛል። የሚገርምሽ ግን ትናንት ወደ ቀኝ ነበር፣ ዛሬ ወደ ግራ ሆነ» አለኝ። እንዳይወጣ ነገርኩት። «ዛሬ አልወጣም ብል ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ» አለኝ።

እኔ ግን ሄጄ ለመምህር ካሳዬ ነገርኳቸው። መምህር ካሳዬ በጣም ተቆጡ። አቶ ዘርአጽዮንን ወደ ዳር ወስደው በአንድ እግሩ እንዲቆም አዘዙት። ዓይኑን ገልጦ ቆመ፤ ምንም አልተንገዳገደም። «አሁን ጨፍን» ሊሉት ሲሉ ጓድ አያሌው «እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ቶሎ ውጡ!» እያሉ መጡ። ከኋላቸው ሁለት የእንግዶች መኪና ቆሞ ነበር። መምህር ካሳዬ «ይህ ሰው ዛሬ ባይወጣ ይሻላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጓድ አያሌው «እንግዶቹን ባዶ መኪና ላሳያቸው?» ብለው መለሱላቸው።

በዚያን ዕለት አዲስ ነገር ተጨመረ። ጓድ አያሌው ረጅም ቀይ ጨርቅ አሰፍተው አምጥተው ነበር። ጨርቁ ከወገቤ ታስሮ እስከ መኪናው ወለል ይወርድና ከታች ያሉትን ሁለቱን ሰዎች ከራስ እስከ እግር ይሸፍናቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልጅቷ ከቀይ ዓምድ ላይ የበቀለች ትመስላለች ብለው ለእንግዶቹ ሲያስረዱ ሰማሁ። መምህር ካሳዬ «ዓይናቸውን አትሸፍኑባቸው፣ ቢያንስ ፊታቸው ላይ ይቀደድላቸው» ብለው ለመኑ። አልተቀደደም። በዚህ ጨርቅ አንድም ቀን ተለማምደን አናውቅም።

መኪናው የቆመ ነበር፣ ሞተሩም አልተነሣም፤ ሾፌሩም ወርዶ ዳር ቆሞ ነበር። እኔ ትከሻቸው ላይ ወጥቼ ቀጥ አልኩ፣ ኮከቡን አቀበሉኝ፣ ጨርቁም ተለቀቀ። መጀመሪያ ደህና ነበርን። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ሰማሁ። ከታች ሙክታር «አየር የለም» ሲል፣ አቶ ዘርአጽዮን ደግሞ በኃይል ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ የአቶ ዘርአጽዮን ራስ የእግሬን ጎን ነካኝ። አየር ፍለጋ አንገቱን ወደ ኋላ እንደቀለበሰ ያወቅሁት በዚህ ነው። ወዲያው ከቀኝ እግሬ ሥር ያለው ትከሻ ቀስ እያለ ከእግሬ መሸሽ ጀመረ።

ስለዚህ ነገር በተለይ ተጠይቄ የምመልሰው እንደሚከተለው ነው። አልገፋኝም። የሚገፋ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ጉልበት ይሰበስባል፤ ይህ በእግር መዳፍ ይታወቃል። የእሱ ትከሻ ግን የተሰማኝ ተቀምጦ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ቀስ ብሎ ሲያጋድል ነው። እንደ ወትሮው ሊያስተካክለኝ ሲሞክርም ተሰምቶኛል፤ ነገር ግን ወደ ተሳሳተው ጎን ነበር የሚያስተካክለው። ወደ ቀኝ እየሄድን ሳለ እሱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ገፋ። ወደ ግራ የምንወድቅ መስሎት እንደነበረ አምናለሁ። በዚህ ጊዜ ከጨርቁ ሥር «ሙክታር፣ ያዛት! መሬቱ ሄደብኝ!» ብሎ ጮኸ። ቁርጭምጭሚቴን አልለቀቀም። እንደያዘኝ አብረን ከመኪናው ወጥተን ኮረት ላይ ወደቅን። ሙክታር መኪናው ላይ እንደቆመ ቀረ። ኮከቡ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

መሬት ላይ ሆኜ ያየሁት የሚከተለውን ነው። ጓድ አያሌው እየሮጡ መጡ። ወደ እኔ አልመጡም። አቶ ዘርአጽዮንን ኮሌታውን ይዘው አፉን አሸተቱ። ከዚያ የሜዳውን ዘበኛና አንዱን እንግዳ ጠርተው «እናንተም አሽትቱ! ይህ ሰው መጠጥ አልቀመሰም፣ መስክሩ!» አሉ። እነሱም አሽትተው ምንም እንደማይሸት ተናገሩ። ጓድ አያሌውም «ያልሰከረ፣ ያልታመመ ሰው በቆመበት የሚወድቀው ለምንድን ነው? የጣልከው ልጅቷን አይደለም፣ ኮከቡን ነው!» ብለው ጮኹበት። አቶ ዘርአጽዮን ለመነሣት ሞከረና ተመልሶ ወደቀ። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አልረጉም፤ ወደ ጎን ይርገበገቡ ነበር። «ልጅቷ ደህና ናት?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ከዚያ ወሰዱት። እኔን ወደ ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሰኞ ዕለት ጓድ አያሌው ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል መጡ። እናቴ ወ/ሮ ወርቄ አጠገቤ ነበረች። «ጓድ የሻሽወርቅ፣ ሲገፋሽ ተሰምቶሻል አይደል?» አሉኝ። ያመኛል አልኳቸው። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ወጣት ሠራተኞች እየተመረጡ መሆኑን፣ የእኔንም ስም እንዳነሡ ነገሩኝ። ከዚያም ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝም ብሎ ነው የወደቀው ብትዪ ግን ለምን እንደምትሸፍኚለት እንጠይቃለን። ክረምቱን ሙሉ ትከሻው ላይ ስትቆሚ ምን ስታወሩ እንደነበር እንጠይቃለን» አሉኝ። ሲወጡ እናቴን በአክብሮት እጅ ነሥተው ወጡ። እናቴ ብርቱካኑን አልነካችውም። «ልጄ፣ አባትሽን ቀብሬ አንቺን ብቻ ነው የያዝኩት። ያሉሽን በዪና ወደ ቤታችን እንግባ» ብላ አለቀሰች። እኔም በዚያን ጊዜ እናቴ ያለችኝን ለማድረግ ቆርጬ ነበር።

ማክሰኞ የአቶ ዘርአጽዮን ሚስት ወ/ሮ ፍረወይኒ መጣች። ከዚያ በፊት በዓይን እንጂ በቅርብ አንተዋወቅም። አልጋዬ ግርጌ ቆማ «ልለምንሽ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ገፍቶሻል?» አለችኝ። «አልገፋኝም» አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «እንግዲያው ይህን እኔ ብቻ ብሰማው ምን ይረባኛል?» አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ባሏ አልጋው እየዞረ አላስተኛ ስላለው አንድ እግሩን ወደ ወለሉ አውርዶ፣ መሬቱን ረግጦ እንደተኛ አጫወተችኝ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ድኛለሁ ብሎ ሲነሣ ግድግዳ ይዞ ነበር አለች። እስከ አሁን ጣቢያ ምግብ እያመላለሰች መሆኑን፣ አርብ ግን ከጣቢያው አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል እንደሚያዛውሩት እንደተነገራት ገለጸችልኝ። «ከዚያ በኋላ ምግቡን ይዤ የት እንደምሄድ የሚነግረኝ ሰው የለም» አለችኝ። ከሄደች በኋላ የቀረበልኝን ምግብ ሳልነካው መለስኩት።

በዚያው ዕለት ሐኪሜ ዶክተር ተናኜ ጀሶውን ሊያዩ ሲመጡ እንዴት እንደወደቅሁ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ሰውየው ያለው ነገር፣ ማለትም ዋዜማውን ወደ ቀኝ በማግሥቱ ወደ ግራ መዞሩ፣ ሊፈጥረው የሚችል ውሸት እንዳልሆነ ነገሩኝ። በገባኝ መጠን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በጆሮ ውስጥ ባሉት ቀለበቶች ውስጥ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች፤ ክብደቷ ከከበባት ውሃ ጋር እኩል ነው። መጠጥ ከውሃ ይቀላል። ሰው ሲጠጣ መጠጡ በደም በኩል መጀመሪያ ወደ ክዳኗ ገብቶ ያቀላታል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳይዞር ጆሮው እየዞርክ ነው ይለዋል። ከሰዓታት በኋላ ውሃውም መጠጡን ስለሚጠጣ እኩል ይሆኑና ሰውየው ዳንኩ ይላል። ሰውነት መጠጡን እያስወጣ ሲሄድ ግን ክዳኗ ቀድማ ከመጠጡ ትጸዳና ከውሃው ትከብዳለች፤ ያኔ ዓለም በተቃራኒው ይዞራል። ይህ የሚሆነው በማግሥቱ፣ አፍ ምንም በማይሸትበት ሰዓት ነው። ዓይኑ የሚያይ ከሆነ ሰውየው ተቋቁሞ ይቆማል፤ ዓይኑ ተሸፍኖ አንገቱን ካዘነበለ ግን የሚይዘው ነገር የለም አሉኝ። ይህን ለፖሊስ ይናገሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ከጠሩኝ እመጣለሁ» አሉኝ።

ተጨማሪ ጥያቄ ቀርቦልኝ፣ ተጠርጣሪው በአብዮቱ ላይ የተናገረው ነገር እንዳለ ስጠየቅ አልሰማሁም ብዬ መልሻለሁ። ከትውልድ አገሩ ሰው ይመጣበት እንደሆነ አላውቅም። በቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የአምስት ጣት ሰንበር መኖሩን ሃምሳ አለቃው በዓይናቸው አይተዋል። ጓድ አያሌው ይህ ሰንበር ጎትቶ እንደጣለኝ ያሳያል ማለታቸው ተነግሮኝ፣ ሊጥለኝ የፈለገ ሰው እጁን ይለቅ ነበር፣ እሱ ግን ይዞኝ ለማትረፍ ሲል አብሮኝ ወደቀ ብዬ መልሻለሁ። ሙክታር ከድር ከእሱ ጋር በአንድ ጨርቅ ሥር ቆሞ ሳለ አልወደቀም፤ በሁለቱ መካከል የማውቀው ልዩነት አንዱ ዋዜማውን መጠጣቱ፣ አንዱ አለመጠጣቱ ብቻ ነው። ሙክታር የአቶ ዘርአጽዮንን ጩኸት መስማቱን ስጠየቅ፣ አጠገቡ ስለነበረ መስማት ነበረበት፣ ነገር ግን ሆስፒታል ሊጠይቀኝ መጥቶ ስለዚህ ሳነሣበት «እኔ ልጆች አሉኝ» ብቻ ብሎኝ ሄዷል ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ተጽፎ ሲነበብልኝ ጓድ አያሌው በገዛ እጃቸው ቀዱለት ያልኩትን አልሰማሁም። ሃምሳ አለቃውን «እሱን ዘለሉት» አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡና በሩን ዘጉ። ተመልሰው ተቀምጠው «ልጄ፣ ይህ ከተጻፈ ከዚህ ክፍል ይወጣል። ማን እጅ እንደሚገባ እኔም አላውቅም። ገብቶሻል?» አሉኝ። እናቴ ከጣቢያው በር ውጭ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አሰብኩ። «ገብቶኛል። እሱ ካልተጻፈ ግን ሌላው ሁሉ ምክንያት የሌለው ይሆናል፤ ሰውየው ሆን ብሎ እንደጣለኝ ያስመስላል» አልኳቸው። በዚህ መሠረት በቦታው ተጽፎ እንደገና ተነቦልኛል።

በግራ እጄ ስለምፈርም ሃምሳ አለቃው ሁለት እማኞች ለመጥራት በሩን ከፈቱ። በኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ሙክታር ከድር ይገኝ ነበር፤ ለከሰዓት በኋላ ምስክርነት ተጠርቶ ቀድሞ መጥቶ ኖሯል። ሃምሳ አለቃው «ወረቀት ላይ የሚፈርም ሁለት ሰው» ሲሉ ሙክታር ተነሥቶ ገባ። ወደ እኔ አልተመለከተም። ወረቀቱ እንዲነበብለት ጠየቀ፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ብዕሩን ሲሰጡት አልተቀበለም። «እማኝ ሆኜ አልፈርምም» አለ። እኔ ተስፋዬ ተቆረጠ። ሙክታር ግን «እማኝ የሚባለው ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ነው። እኔ ነበርኩ። ያዛት ሲለኝም ሰምቻለሁ። ለእኔ የራሴን ወረቀት ያምጡልኝ» አለ። ሃምሳ አለቃው ሌላ ወረቀት አወጡ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው እኔ የተናገርኩት ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ያስጠናኝ የለም። ስላየሁትና በእግሬ ሥር ስለተሰማኝ ነገር በየትኛውም ቦታ፣ በማንም ፊት ብጠየቅ የምደግመው ይህንኑ ነው። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በግራ እጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ የሻሽወርቅ ድንበሩ (በግራ እጅ)
እማኞች፦ 1ኛ. ዘርፌ አበጋዝ 2ኛ. ኑሪ ሸምሱ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ብርሃኑ ካብትይመር

ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ማስታወሻ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1976 ዓ.ም.፦ ተጠርጣሪው አርብ ነሐሴ 18 ቀን ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር የነበረ ቢሆንም፣ የተጀመረው ምስክርነት ባለመጠናቀቁ በጣቢያው እንዲቆይ አመልክቼ ተፈቅዷል። የሙክታር ከድር፣ የመምህር ካሳዬ ንጉሤና የዶክተር ተናኜ ቃል ተቀብዬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሐኪሟ የመጡት ገና ሳንጠራቸው ነው። ጓድ አያሌው ሽበሺን በሚመለከት ለበላይ ጽፌ መልስ አልደረሰኝም። ተጠርጣሪው ዛሬ በሰው ዋስ ተለቋል። ለሚስቱ የምግብ ዕቃዋን አስረክበን ሁለቱም በእግራቸው ሄደዋል።
ሃ/አለቃ ብርሃኑ